ሊመለስ የወጣው ሰው

ጋሽ ኤርጫፎ ማረፉን የሰማሁት ሾኔ መነኸሪያ ውስጥ፣ ሚኒባሷ ሞልታ ሞተር ላስነሳ ስል ነው። ስልኬ ጠራ፤ ባለቤቱ እትዬ ታደለች ናት። «ከድር፣ ወንድምህ አረፈ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ከኋላ አንዱ ተሳፋሪ «ኧረ ሹፌር፣ ንዳው እንጂ! በሙቀት አለቅን!» እያለ ወንበር ይደበድባል። ሌላ ቀን ቢሆን የምመልስለትን እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ቀን ግን አፌን ዘግቼ ነዳሁ። ሆሳዕና ስደርስ የመጣሁበትን መንገድ ማስታወስ አቃተኝ።

ወንድምህ ያለችኝ በሥጋ አይደለም። እኔ የሆሳዕና ከተማ የሙስሊም ቤት ልጅ ነኝ፤ እሱ ከጃጁራ ወዲያ ያለ ገጠር ያደገ ጴንጤ ገበሬ ነው፤ በዕድሜም አባቴ ይሆናል። የተገናኘነው ማረሚያ ቤት ውስጥ ነው። እኔ የገባሁት የአንድ ተራ አስከባሪ መንጋጋ ሰብሬ ነው፤ ስለኔ ይኼ ይበቃል። እሱ የገባው ሰው ገድሎ ነው።

ይህንን ደብቄ ስለሱ መጻፍ አልችልም፤ እሱም ደብቆት አያውቅም። ማረሚያ ቤት ውስጥ ጥፋተኛ ሰው ቢፈልጉ አይገኝም። ሁሉም በሐሰት ምስክር ነው የገባው፤ ሁሉም ጠላት ነው ያስገባው። አዲስ ታራሚ መጥቶ «አንተስ በምንድን ነው?» ሲለው ግን ጋሽ ኤርጫፎ «ጓደኛዬን ገድዬ» ይላል። ከዚያ በኋላ ጠያቂው ምን እንደሚል ይጠፋዋል።

ሟቹ ደታሞ ይባላል። ጎረቤቱም አብሮ አደጉም ነበር። አንዱ ቤት ሲሠራ ሌላው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታል፤ የሁለቱን የእንሰት ጓሮ የሚለየው አንድ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። ጋሽ ኤርጫፎ እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያደገው የደታሞ እናት እማማ አማረች ያበሰሉትን እየበላ ነው። አንድ ቀን የደታሞ ጥጃ ገብታ የሱን ገብስ ጋጠች። ጥጃ ናት፤ ትግጣለች። ነገሩ በቃል ተጀመረ፤ ቃል ቃልን እየጎተተ ከጥጃዋ አልፎ የሞቱ አያቶች ድረስ ሄደ። ጋሽ ኤርጫፎ በእጁ የነበረውን የዶማ እጀታ አነሳ። አንዴ ነው የመታው፤ ደታሞ ግን አልተነሳም።

እኔ ስደርስ እሱ ብዙ ዓመት ታስሯል። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ጆሮው ትልልቅ የሆነ ሰው ነው፤ ግቢው ውስጥ በሩቁ የሚታወቀው በጆሮው ነበር። እንጨት ሥራ እዚያው ተምሮ ዱካና አልጋ ይሠራል። ሲሥቅ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። አማርኛው ውስጥ ሀዲይኛው ይሰማል፤ ሲቸኩል ደግሞ ሁሉን ትቶ በሀዲይኛ ይጨርሰዋል። ያልገባው ሰው ካለ «ከድር ይነግርሃል» ብሎ ወደኔ ይጠቁማል። በዚህ ዓይነት አስተርጓሚው ሆንኩ፤ ቀስ በቀስም ልጁ።

አንድ ቀን «የቁጣ አያያዝ ሥልጠና» የሚባል መጣ። የምታሠለጥነው ሰላማዊት የምትባል ሳይኮሎጂስት ናት፤ ወጣት፣ ከተማው ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ቤተሰብ ልጅ፤ እኛ «ቲቸር» ነበር የምንላት። በድብድብና በነፍስ የገባነው ሁሉ ስማችን ተጠራ። ለአመክሮ ይጠቅማል ስለተባለ ሄድን እንጂ ነገሩ ሳቃችንን ነበር ያመጣው። ቁጣ በሬ ነው እንዴ የሚያዘው?

በመጀመሪያው ቀን ክብ ሠርተን እንድንቀመጥ አደረገችንና «ቁጣ ሲመጣባችሁ ሰውነታችሁ ላይ መጀመሪያ የት ነው የሚታወቃችሁ?» ብላ ጠየቀች። አንዱ «እጄ ላይ፣ ቲቸር፤ እጄን ይበላኛል» አለ። አንዱ «ጥርሴ ላይ» አለ። እኔ ደግሞ ማን ከማን ያንሳል ብዬ «እኔ ላይ ምንም አይታወቅም፤ የሚታወቀው የተመታው ሰው ላይ ነው» አልኩ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ተራው ጋሽ ኤርጫፎ ጋ ደረሰ። እሱ አልሣቀም።

«ጆሮዬ ላይ ነው» አለ። «ይዘጋል።»

«እንዴት ማለት ነው፣ ጋሽ ኤርጫፎ?» አለች ቲቸር።

«መስማት አቆማለሁ። ያን ዕለት እማማ አማረች አጠገባችን ቆመው ‹ተው ልጄ! ተው!› እያሉ ይጮኹ ነበር። ፍርድ ቤት ምስክሮቹ ሲናገሩ ነው ያወቅኩት። ልጄ ያሉት እኔን ነው። እኔ አልሰማኋቸውም።»

ከዚያ በኋላ የሣቀ የለም። እኔም ብሆን ሥልጠናውን ከልቤ መስማት የጀመርኩት ከዚያ ቀን ነው።

ቲቸር ያስተማረችን ነገር ሲታይ ቀላል ነው። ምልክትህን እወቅ፤ ምልክቱ ሲመጣ ከቦታው ተነስተህ ውጣ፤ ስትረጋጋ ተመለስ። «መውጣት ሽንፈት አይደለም፤ ዋናው መመለሱ ነው» ትለን ነበር። እኛ የሰማነውን ያህል ሰማን። ጋሽ ኤርጫፎ ግን እንደ ጸሎት ያዘው። ጆሮው መዘጋት ሲጀምር ነገሩን እመሐል ላይ ትቶ ይነሳል፤ ከኩሽናው ኋላ ካለው ቧንቧ ይሄዳል፤ በሁለት እጁ ውሃ ዘግኖ ጆሮውን እስከ ውስጡ ድረስ ይታጠባል። ከዚያ ይመጣና ጠበኛው ፊት ቆሞ «መጣሁ። እስቲ ድገምልኝ» ይላል።

ይህች «እስቲ ድገምልኝ» ስንቱን ጠብ እንደገደለች! አንድ ከሀደሮ የመጣ ጉልበተኛ ነበር፤ በውሃ ወረፋ የጋሽ ኤርጫፎን ጄሪካን በእግሩ አንከባሎ የሚስቱን ስም አንስቶ ሰደበው። ጋሽ ኤርጫፎ ሲነሳ ሁላችንም ግድግዳ ተደገፍን። እሱ ሄደ፤ ታጠበ፤ ውሃው ከጆሮው እየተንጠባጠበ ተመለሰ። «መጣሁ፣ የኔ ልጅ። መጀመሪያ ያልከውን አልሰማሁትም፤ እስቲ ድገምልኝ» አለው። ያ ጉልበተኛ ስድቡን ለመድገም አፉን ከፈተ፤ አልወጣ አለው። ስድብ ሲደግሙት ያሳፍራል ለካ። በመጨረሻ ጄሪካኑን አንስቶ ራሱ ሞላለት።

ቅዱስ ነበር እያልኩ አይደለም። አንድ ቀን ቲቸር «አሁን ደግሞ ራስህን ይቅር ማለት አለብህ» ስትለው ወንበሩን ወደ ኋላ ወርውሮ ተነሳ። «ይቅርታው የኔ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። «ልጃቸውን ነው የገደልኩት! ይቅርታው የሳቸው ነው! የኔ ያልሆነውን እንዴት አድርጌ ነው የምሰጠው?» ብሎ ወጣ። ሲመለስ ጆሮው እርጥብ ነበር። «ቲቸር፣ ይቅርታ፤ እስቲ ድገሚልኝ» አላት። አልደገመችለትም። እኔም እስከ ዛሬ ሳስበው እሱ ትክክል ይመስለኛል።

የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ደግሞ ደጋግሞ ነግሮኛል። አባቱ የሞቱት እሱ ታስሮ ሳለ ነው፤ አልቀበራቸውም። «እርቅ ይውረድልኝ። ቀዬዬ ልግባ። ስሞት ከአባቴ ጎን ልተኛ። መሬቱን አልፈልግም፣ ልጆቼም አይፈልጉትም፤ እዚያ መግባት ብቻ።»

የኛን አገር የማያውቅ ሰው፣ ፍርዱን ጨርሶ ከወጣ ማን ይከለክለዋል ሊል ይችላል። መንግሥት የራሱን ቅጣት ቀጥቶ ጨርሷል፤ ነገሩ ግን አላለቀም። ሽማግሌ ተቀምጦ እርቅ እስኪወርድ ድረስ የገዳይና የሟች ወገን ከአንድ ማዕድ አይቀርብም፣ አንድ ለቅሶ ላይ አይቀመጥም። ገዳዩ በሟች ደጅ ካለፈ ሌላ ደም መጥራት ነው። ለዚህ ነው እትዬ ታደለች ልጆቿን ይዛ ቀዬውን ለቃ ሾኔ ወንድሞቿ ዘንድ የገባችው።

እኔ ቀድሜው ወጣሁ። እሱ በአመክሮ ሲለቀቅ በሩ ላይ ቆሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ ሆሳዕና አንድ እንጨት ሥራ ቤት አስገባሁትና እዚያው ጓሮ ቤት ተከራየ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ወደ ጃጁራ የሚሄዱ መኪኖች የሚሞሉበት ቦታ መጥቶ ይቆማል። ከአገሩ ሰው ሲያገኝ የሚጠይቀው የሰውን ጤና ነው፤ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማማ አማረችስ?» ይላል። ደህና ናቸው ሲሉት ምሳ የበላ ያህል ፊቱ ይበራል።

ሽማግሌ መላክ የጀመረው በወጣ በወሩ ነው። የሟች ታናሽ ወንድም ላፌቦ አሻፈረኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ተመላለሱ፤ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ እማማ አማረች «እንግዲህ እኔም እየመሸብኝ ነው፤ ይቀመጥ» አሉ ተባለ፤ ቀን ተቆረጠ። ጋሽ ኤርጫፎ ይህን ሊነግረኝ ከእንጨት ሥራ ቤቱ እስከ መነኸሪያ በእግሩ እየሮጠ መጣ። የመጋዝ ብናኝ ፀጉሩ ላይ እንዳለ ነበር።

የወሰድኩት እኔ ነኝ። ኮት ተውሶ ለብሷል፤ እጅጌው አጥሮታል። መንገድ ላይ ቀልድ ብሞክርም አልያዘልኝም። «ምን ልበል?» አለኝ አንዴ። «ምንም አትበል፤ የተባልከውን ስማ ብቻ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ሽምግልናው የተጠራው ከሁለቱም ወገን ባልሆነ ቀበሌ፣ አቶ ሀንዲሶ የሚባሉ አንጋፋ ሽማግሌ ደጅ ነበር። ሣሩ ላይ ሽማግሌዎቹ መሐል፣ የሟች ወገን በላይ፣ ጋሽ ኤርጫፎና ጥቂት ዘመዶቹ በታች ተቀመጡ። ሴቶቹ ከፍ ብሎ ካለው ቤት በረንዳ ላይ ነበሩ፤ እማማ አማረችም እዚያ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ከሣሩ በታች ቁልቁል ሲወረድ ጅረት አለ። እኔ የወገንም የሽማግሌም ስላልሆንኩ መኪናዬን ተደግፌ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ነበር፤ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

የእርቅ ሥርዓት መጀመሪያው መራራ ነው። የሟች ወገን በሆዱ የያዘውን ሁሉ አውጥቶ ይናገራል፤ ይሰድባል፣ ይረግማል፤ በዳዩ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አይመልስም፣ አይነሳም። ስድቡ ሲያልቅ ነው እርቁ የሚጀምረው። ከሽማግሌ ፊት ሳይፈቀድለት የተነሳ ሰው ደግሞ እርቁን እንደረገጠ ይቆጠራል። ይህንን ጋሽ ኤርጫፎ ከማናችንም በላይ ያውቃል፤ አባቱ ራሳቸው ሽማግሌ ነበሩ።

ላፌቦ ተነሳና መናገር ጀመረ። ብዙ ተናገረ። ጋሽ ኤርጫፎ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ነፍሰ ገዳይ ሲለው ሰማ፤ ጡት ነካሽ ሲለው ሰማ። «የእናቴን ምግብ በልተህ ወንድሜን በላህ» ሲለው እንባው ሲወርድ ከሩቅ አየሁት፤ ግን ተቀምጦ ሰማ። ከዚያ ላፌቦ ስድቡን ወደ ጋሽ ኤርጫፎ አባት አዞረው። «አባትህ በኀፍረት ነው የሞተው! ከሞተም በኋላ ስላንተ አፈር አልቀበለውም! ዛሬ ቢነሳ ፊትህ ላይ ነው የሚተፋው!» አለው።

የጋሽ ኤርጫፎ እጅ ወደ ጆሮው ሲሄድ አየሁ። «አይሆንም፤ ዛሬ አይሆንም፤ አላህ ያውቅልሃል ተቀመጥ» አልኩ ለራሴ፤ እዚያ ሆኜ ማን ይሰማኛል! ተነሳ። ለሽማግሌዎቹ ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁል ወደ ጅረቱ ወረደ።

ላፌቦ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ጮኸ። «አያችሁት? አያችሁት! ዛሬም ንቆን ሄደ!» ብሎ ወገኑን ሁሉ አስነሳ። ሰዉ እየተግተለተለ ወደ ላይኛው መንገድ ወጣ፤ ሴቶቹም ከበረንዳው ወርደው ተከተሉ። ሽማግሌዎቹ ጥቂት ጠበቁ፤ በአንድ ወገን ብቻ ሽምግልና የለም፤ በትራቸውን አንስተው ተነሱ።

ጋሽ ኤርጫፎ ዳገቱን እየሮጠ ተመለሰ። ውሃው ከጆሮው ኮቱ ላይ ይወርዳል። ሣሩ ላይ ደርሶ ቆመ፤ ዙሪያውን አየ። ሰው የተቀመጠበት ሣር ገና አልተቃናም።

«ተመለስኩ እኮ» አለኝ። «ከድር፣ ተመለስኩ እኮ።»

አቶ ሀንዲሶ እግር ላይ ወደቅኩ። ንቀት እንዳልሆነ፣ እንዲህ ተብለን እንደተማርን፣ ሊመለስ እንደወጣ አስረዳሁ። ሽማግሌው እጄን ይዘው አነሱኝ። «ልጄ፣ አምንሃለሁ» አሉኝ። «እኔ ባምንህ ግን ምን ይጠቅማል? የተነሱት እነሱ ናቸው። ከነሱ ወገን አንድ ሰው ‹አይተነዋል፣ ተመልሷል፣ ይቀመጥ› ካለ ነገ እቀመጣለሁ። የእናት ቃል ከሆነማ ላፌቦም አይመልሰውም። አለበለዚያ እኔ አስገድጄ አላስታርቅም።»

ያቺ ቃል አልመጣችም። ሽማግሌዎቹ በሌላ ጊዜም ሄዱ፤ ላፌቦ ከበር መለሳቸው።

ቲቸር ስትሰማ ቢሮዋ ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ይህንን እንዴት አላሰብኩም?» ትላለች። እኔም አላሰብኩም፤ ማንም አላሰበም። አሁን አዳዲሶቹን ስታሠለጥን ከሽማግሌ ፊት ፈቃድ ሳይጠይቁ እንዳይነሱ ለብቻው ታስተምራለች አሉ። ለሱ አልደረሰለትም እንጂ።

እሱን ራሱን አንድ ቀን ጠየቅኩት። አልጋ እየላገ ነበር፤ መላጊያውን አስቀመጠ። «ሥርዓቱን ታውቅ የለም? ለምን ተነሳህ?» አልኩት። ቁጣዬ ገና አልበረደም ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አላውቅም።

«ጆሮዬ ሲዘጋ ሽማግሌ አልታየኝም፣ ከድር። ደታሞ ነው የታየኝ፤ መሬት ላይ ተኝቶ» አለኝ። «ሳይሰማኝ ያደረግኩትን አንዴ አይቻለሁ። ብቀመጥ ኖሮ እጄ ምን እንደሚሠራ አላውቅም። እርቁ ቢቀርም ይቅር፤ እማማ አማረች ላይ ሌላ ልጃቸውን ከምጨምርባቸው።» ከዚያ «ግን ትንሽ ቢጠብቁኝ ምን ነበር?» አለ። መላጊያውን አነሳ።

ከዚያ በኋላ ጃጁራ መኪኖች ጋ መቆሙን ተወ። ሥራውን ይሠራል፤ ሾኔ ሄዶ ልጆቹን ያያል፤ ሰው ሲያጫውተው ትከሻው አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል። ኩላሊቱን ታመመ። ሆስፒታል ተኝቶ ልጠይቀው ስሄድ «ሽማግሌዎቹ ምን አሉ?» ነው የሚለኝ። «ሊሄዱ ነው» እለዋለሁ። ሊሄዱ አልነበረም። እሱም ሊሄዱ እንዳልሆነ የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ግን በየቀኑ ይጠይቃል፤ እኔም በየቀኑ እንደዚያው እለዋለሁ።

ሲሞት እትዬ ታደለች ሬሳውን ወደ ቀዬው ልውሰድ ብላ ሽማግሌ ላከች። እርቅ ሳይወርድ የገዳይ ሬሳ በሟች ደጅ አያልፍም ተባለ። ወደ አባቱ መቃብር የሚወስደው መንገድ ደግሞ ያው በደታሞ ደጅ የሚያልፈው ነው። ሆሳዕና፣ ከማያውቃቸው ሰዎች መሐል ቀበርነው። ቲቸርም መጥታ ነበር፤ ከኛ ጋር ታስረው የወጡ ብዙ ሰዎችም መጡ። ያ የሀደሮ ጉልበተኛ ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ ነበር። እኔ ያን ቀን ማልቀስ አልቻልኩም፤ ተናድጄ ነበር።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ስምሪቴ ወደ ጃጁራ ተቀየረ። አንድ ቀን ከሰዓት ጃጁራ ስጭን አንዲት አሮጊት ሴት ጋቢና ካልገባሁ ብለው ረዳቴን አስቸገሩ። ዞር ስል እማማ አማረች ናቸው። አውቄያቸዋለሁ፤ እሳቸውም አውቀውኛል። አስገባኋቸው። መንገዱን ሙሉ መሪውን እንደጨበጥኩ ነዳሁ። ሆሳዕና መነኸሪያ ገብተን ሰዉ ሁሉ ወረደ፤ እሳቸው አልወረዱም።

«የት ቀበራችሁት?» አሉኝ በሀዲይኛ።

«እዚሁ ከተማ ነው፣ እማማ።»

«ከአባቱ ጋር አይደለም?»

«በደጃችሁ አያልፍም ተባለ።»

ነጠላቸውን ጎተት አድርገው አፋቸውን ሸፈኑ። «ያን ቀን ለምን ነበር የወጣው?» አሉ።

ነገርኳቸው። ጆሮው እንደሚዘጋ፣ ማረሚያ ቤት ምን ብለው እንዳስተማሩን፣ የታጠበው ተመልሶ ተቀምጦ ሊሰማ እንደሆነ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። «ሊመለስ ነበር፣ እማማ። ተመልሶም ነበር፤ ግን ከናንተ ወገን ማንም አላየውም» አልኳቸው።

«እኔ አይቼዋለሁ» አሉ።

ዞሬ አየኋቸው።

«ጅረቱ ከበረንዳው ይታያል። ጆሮውን ሲታጠብ አየሁት። ልጅ ሆኖ እኔው ነበርኩ የማጥበው፤ ያንን ጆሮ አጣዋለሁ? ላፌቦ ‹ንቆን ሄደ› እያለ ሲጮህ እሱ ዳገቱን እየወጣ ነበር። አየሁት። ከዱካው ተነስቼ ከሴቶቹ ጋር ሄድኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አልኩ፤ ድምፄ መኪናዋን ሞላት። «አንድ ቃል እኮ ነው! ሽማግሌዎቹ ያንን ነበር የሚጠብቁት! እሱ እስኪሞት ያንን ነበር የሚጠብቀው!»

አልደነገጡም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት እያዩ ነበር።

«ተቆጥቼ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ሽማግሌ ፊት ‹ይቀመጥ› ብያለሁ፤ ሲቀመጥ ሳየው ግን ልጄ የለም፣ እሱ አለ። ሲነሳ ደስ አለኝ። ነገ እናገራለሁ አልኩ፤ በነገው ደግሞ ነገ አልኩ። እሱን ቁጣውን እንዲይዝ አስተማሩት አልከኝ። እኔን ማን አስተማረኝ?»

 ወርጄ በሩን ከፈትኩላቸውና እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው። መቃብሩን ላሳይዎት ብላቸው «አይሆንም፤ አልታረቅንም» አሉኝና ወደ ጃጁራ ተመላሾች ሰልፍ ሄዱ። ያን ጊዜ ነው ለጋሽ ኤርጫፎ ያለቀስኩት፤ መሪው ላይ ተደፍቼ፣ ረዳቴ እያየኝ።

ሾኔ በሄድኩ ቁጥር እትዬ ታደለች ቤት ጎራ እላለሁ። ምሳ ታቀርብልኛለች፤ ልጆቹ አድገዋል። ሳትለው የቀረችበት ቀን የለም፤ «ያን ቀን ሲመለስ ከነሱ ወገን አንድ ሰው እንኳ አይቶት ቢሆን ኖሮ» ትለኛለች።

«ማንም አላየውማ፣ እትዬ» እላታለሁ።